የበረዶው አዳራሽ የማዘመን ኃላፊ

የተበላሸ ነገር መጠገን የተራ ሰው ሥራ ነው። አንዴ ተበላሽቷል፤ ቢነካኩትም ከዚያ በላይ የት ይደርሳል። ደህና እየሠራ ያለውን፣ ማንንም ያላስቸገረውን፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚኖረውን ዕቃ ሆዱን ከፍቶ መጎርጎር ግን ልዩ ድፍረት ይጠይቃል። በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው ከተማችን ይህን ድፍረት የታደለ ሰው አለ። ስሙ ሊላንድ ቶርቪክ ይባላል። የከርሊንግ ክበባችንን ያዘመነው እሱ ነው። እንዴት እንዳዘመነው ለትውልድ ሳይነገር ቢቀር ነውር ስለሚሆን እነሆ እንናገራለን።

ሊላንድ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነበር። የተቃጠለ ጎተራ፣ አጥር ጥሶ የገባ መኪና፣ ቧንቧ ፈንድቶ ያጥለቀለቀው ምድር ቤት እየዞረ ሲያይ፣ «ይህ የማን ጥፋት ነው?» ሲል ኖረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጥፋት ሲገምት የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ በገዛ እጁ አንድ ነገር መሥራት ቢያምረው አይፈረድበትም።

ቤቱ ውስጥ ግን የሚሠራበት ክፍት ቦታ አላገኘም። ባለቤቱ ማርሊስ የክበባችን የሴቶች ቡድን አምበል ናት። ከርሊንግ ማለት ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ከወዲያኛው ጫፍ ከተሳለው ክብ ውስጥ ማሳረፍ ነው። ድንጋዩ ሲሄድ ሁለት ሰዎች ከፊት ከፊቱ እየሮጡ በመጥረጊያ በረዶውን ይፈትጉለታል፤ አምበሏ ደግሞ «ጥረጉ! ተዉት!» እያለች ታዛቸዋለች። ማርሊስ ይህን ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ትታው አትመጣም፤ ቤትም ይዛው ትገባለች። ውሻቸው እንኳ ሊላንድ «ተቀመጥ» ሲለው መጀመሪያ ዞር ብሎ ማርሊስን ያያል። እሷ ራሷን ከነቀነቀች ይቀመጣል።

እንዲህ ባለ ኑሮ መሀል ነው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ለጡረተኞች የኮምፒውተር ትምህርት የከፈተው። ሌሎቹ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ እንዴት እንደሚያዩ ተምረው ወጡ። ሊላንድ ጥቁሩን መስኮት ተምሮ ወጣ። ጥቁሩ መስኮት ሥዕልም ቁልፍም የሌለበት፣ ሰው ትእዛዙን በፊደል እየጻፈ የሚያስገባበት የኮምፒውተር ገጽ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ትጉህ አገልጋይ አለ፤ ሥራው ፕሮግራም ማመላለስ ነው። ይህን ጫን ሲሉት ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭናል፣ አዘምን ሲሉት አሮጌውን በአዲስ ይተካል፣ አራግፍ ሲሉት ያራግፋል። ባለሙያዎቹ የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ እኛ ግን በሥራው ጫኝና አውራጅ እንበለው። ከአውቶቡስ ተራው የሚለየው በጠባዩ ነው። ዕቃህን ከእጅህ አይነጥቅም። የሚያደርገውን ሁሉ በዝርዝር ይነግርህና «ልቀጥል?» ብሎ ይጠብቅሃል።

ሊላንድን የማረከው ይህ «ልቀጥል?» ነው። በትዳሩም ሆነ በሥራው ዘመን ማንም «ልቀጥል?» ብሎት አያውቅም ነበር፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀጥላል። አሁን «አዎ» ብሎ ሲጽፍ ጥቁሩ መስኮት በነጫጭ ፊደላት ይሞላል፣ ፊደላቱ እንደ ፏፏቴ ይወርዳሉ፣ በመጨረሻም ሁሉም በሰላም መጠናቀቁ ይነገረዋል። ምን እንደተጠናቀቀ አያውቅም፤ ግን እሱ ፈቅዶ ነው የተጠናቀቀው።

የክበባችን ኮምፒውተር ከማእድ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር። ከበረዶው ሥር የተዘረጉትን ቱቦዎች የሚያቀዘቅዘውን ሞተር ያዛል፤ የበረዶውንም ቅዝቃዜ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ያሳያል። ለዓመታት ይህንኑ ሲሠራ አመስግኖት የሚያውቅ የለም፤ የሰደበውም የለም። ሊላንድ አንድ ቀን ገብቶ አየውና ከተገዛ ጀምሮ አንዴም እንዳልዘመነ ደረሰበት። ነገሩን ለጠቅላላ ጉባኤው ሲያቀርብ ድምፁ የሐኪም ነበር።

ሊቀመንበራችን ዱዌን ኦስትባይ በሥራው ጎማ ሻጭ ነው፤ ሆኖም ተነሥቶ መናገር ሲጀምር ጎማ መሸጡ ቀርቶ ዘመን ነው የሚሸጠው። የሊላንድን ሐሳብ ሰምቶ፣ የክበቡን የዲጂታል ቁመና ከጊዜው ፍጥነት ጋር የማጣጣም ሥራ ለነገ የማይባል፣ ሁለንተናዊ ርብርብ የሚሻ አንገብጋቢ ጉዳይ መሆኑን በሰፊው አስረዳ። ማናችንም አልገባንም፤ ስለዚህ አጨበጨብን። ማርሊስ ብቻ ከኋላ ወንበር ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ ነው የሚነካካው ብላ ጠየቀች። ሊላንድ ምንም እንዳልሆነ፣ ዋናው አደጋም ይኸው መሆኑን፣ አንድ ነገር እስኪሆን ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ኋላ ቀርነት እንደሆነ መለሰላት። እንደገና አጨበጨብን። በዚያው ስብሰባ ሊላንድ ቶርቪክ የክበቡ የማዘመን ጉዳዮች ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጠባቧ ክፍል ገብቶ ማዘመን ጀመረ። ፊት ሳይታጠቡ እንደማይዋል ሁሉ ኮምፒውተርም ሳይዘምን አይዋልም ይል ነበር። ጡረተኞች የምንባለው ወገኖች ቴርሞሳችንን ይዘን ከኋላው ቆመን ፊደላቱ ሲወርዱ እናይ ነበር። ዘምኖ ሲያበቃ በክበቡ ውስጥ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። በረዶው ያው በረዶ ነው፤ ስክሪኑም ያው ስክሪን ነው። ይህም የሥራው ጥራት ምስክር ተደርጎ ተወሰደ።

ምስጋና ሲበዛ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሊላንድ ቀጥሎ ዓይኑን የጣለው ሞተሩን በእጅ ማስነሻ በሆነችው አሮጌ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው። በእጅ የሚሠራ ነገር ለሰው ስህተት ያጋልጣል አለ። ሊቀመንበር ኦስትባይም ሰው የሌለበት ሥርዓት ስህተት የሌለበት ሥርዓት መሆኑን አብራራ። ማብሪያዋ ከግድግዳው ተነቀለች፣ ሽቦዋ ተቆረጠ፣ ተወልውላ ዋንጫዎቹ ባሉበት የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቅርስ ተብላ ተቀመጠች። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላል ተረቱ። እኛ ሊላንድን አወቅህ አወቅህ ስንለው ግን ምንም አላጠበም። ውሃው ገና አልቀረበለትም ነበር።

ውሃው የቀረበው ጥር ላይ ነው። በዚያ ጥር የአካባቢው የሴቶች ሻምፒዮና በእኛ አዳራሽ ሊካሄድ ተራው ደረሰ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ክበብ፣ በወይዘሮ ጄኒቫ ላፕላንት የሚመራው፣ ዋንጫውን ከእኛ ዘንድ ከወሰደ ወዲያ አልመለሰም። ማርሊስ ዋንጫውን እንደ ልጇ ነው የምታየው፤ ሰው ቤት የሚያድግ ልጅ። ጉልበቷ ደግሞ አላስቻላትም። ድንጋይ ለመልቀቅ በርከክ ስትል ይንቋቋል። ሐኪሙ ከዚህ ክረምት በኋላ ተመልካች እንድትሆን መክሯታል። ከሊላንድ በቀር ለማንም አልነገረችም። ለእሱም የነገረችው እራት እየበሉ፣ ጨው አቀብለኝ በምትልበት ድምፅ ነው። ሊላንድ ጨዉን አቀበላት፤ ከዚያም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። በልቡ አንድ ነገር ሊያደርግላት አሰበ። ምነው በቀረበት።

ሊቀመንበሩ እንግዶቹን በስክሪኑ ላይ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ጽሑፍ እንዲቀበላቸው ይፈልጋል። ማርሊስ ካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ይጻፍ አለች። ሊላንድ ፈገግ አለ። በነጥብና በሰረዝ የተሠራ አጋዘን ስሎ፣ ከአጋዘኑ አፍ የተባለውን ቃል የሚያወጣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም መኖሩን ያውቃል። አጋዘኑ እንግዶቹን በክበቡ ስም ይቀበላል፤ የማርሊስንም ስም ይጠራል። የስጦታው ነገር ይህ ነበር።

በውድድሩ ቀን ጠዋት ጠባቧ ክፍል ገብቶ ጫኝና አውራጁን አዘዘው። ማርሊስ ጉልበቷን የምትጠቀልልበት ጨርቅ ፍለጋ ስትገባ ጥቁሩ መስኮት ፊት አገጩን ይዞ አገኘችው።

«ምን እያረግክ ነው?» አለችው።

«አጋዘን እየጫንኩ።»

ማርሊስ ብዙ ዓመት በትዳር ስለኖረች አልደነገጠችም። «አንድ አጋዘን ይሄን ያህል ጽሑፍ አለው?»

«አጋዘኑ ፊደል ይፈልጋል» አላት ሊላንድ፣ በትዕግሥት። «ፊደሉ መሳያ ይፈልጋል። መሳያው አዲስ መሠረት ይፈልጋል። አዲሱ መሠረት ደግሞ ከአሮጌው ጋር አንድ ቤት አይገባም።»

«እና?»

«አሮጌው ይወጣል።»

«አሮጌው ላይ የቆመ ነገር የለም?»

ሊላንድ መስኮቱን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገው። የሚራገፉት ፕሮግራሞች ስም ዝርዝር ረጅም ነበር፤ ሁሉም የሩቅ ዘመድ ስም ይመስላሉ። «አሉ እንጂ። ግን ስማቸውን ስታዪው የሚያስፈልጉ አይመስሉም።»

«አነበብከው?»

«ማርሊስ፣ ይሄ የሚነበብ ነገር አይደለም። የሚፈቀድ ነገር ነው።»

ማርሊስ ጨርቋን አግኝታ ነበር፤ ቡድኗም ከውጭ እየጠራት ነው። እንደፈለግክ ብላው ወጣች።

ሊላንድ «አዎ» ብሎ ጻፈ። ጫኝና አውራጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በ«አዎ» አልረካም። አሁን የምታደርገው ነገር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል አለው። የምታደርገውን የምታውቅ ከሆነ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አንድም ፊደል ሳትገድፍ ጻፍ አለው። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነበር፦ አዎ፣ ያልኩህን አድርግ።

ሊላንድ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ሌሎች ሲናገሩት ሰምቷል። ለእሱ ግን ማንም አምጥቶ «እባክህ በልልኝ» ብሎት አያውቅም። ኮምፒውተሩ እያስጠነቀቀው ነበር። እሱ የሰማው ግን ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ አክብሮት ነው። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ጻፈው። ሲጽፍም ሳያስበው ጮክ ብሎ አነበበው። ማእድ ቤት ሆትዲሽ የሚባለውን የሥጋና የድንች ምግብ የሚያዘጋጁት ሴቶች «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚለውን ቃል በግድግዳው በኩል ሰምተው፣ ሊላንድ ቶርቪክ በዚህ ዕድሜው ማንን ማዘዝ ጀመረ ተባባሉ።

አጋዘኑ ወጣ። ውብ አጋዘን ነበር። ቀንዱ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል፤ ከአፉም «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ መልካም ዕድል ለማርሊስ» የሚል ቃል ይወጣል። የበረዶው ቅዝቃዜ የሚታይበት ቁጥር ድሮ የነበረው በአጋዘኑ ሆድ በኩል ነው፤ ሆዱ ሸፍኖታል ብለን አለፍነው። ማርሊስ ከበረዶው ላይ ሆና አንዴ ቀና ብላ አየችው። አልሳቀችም፤ ግን እንደገና ቀና ብላ አየችው። ሊቀመንበር ኦስትባይ ሰውና አጋዘን በአንድ ቴክኖሎጂ ጥላ ሥር የተገናኙበት ታሪካዊ ዕለት መሆኑን ሲያውጅ ሊላንድ ከጎኑ ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር።

በዚያ ሰዓት ከበረዶው ሥር ያለው ሞተር ቆሟል። የሚያዝዘው ፕሮግራም ከተራገፉት የሩቅ ዘመዶች አንዱ ነበር። የአዳራሹ ማሞቂያ ግን በሌላ ቁልፍ የሚሠራ ስለሆነ ተመልካች እንዳይበርደው በትጋት ይሞቃል። የሚያቀዘቅዘው አረፈ፣ የሚያሞቀው ቀጠለ።

ጠዋት የተካሄዱት ጨዋታዎች በሰላም አለቁ። የማርሊስ ቡድንና የወይዘሮ ላፕላንት ቡድን ለፍጻሜ ደረሱ። ከምሳ በኋላ ግን ድንጋዮቹ መድከም ጀመሩ። ማርሊስ የለቀቀችው ድንጋይ መንገዱን አጋምሶ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆመ። ጠራጊዎቿ ሲፈትጉ መጥረጊያቸው ይንቦጫረቃል። ተመልካቹ መጥረጊያው ነው አለ፤ ቀጥሎ ጫማው ነው አለ። በረዶው ነው ለማለት ግን ማንም አልደፈረም፤ በረዶው ዘምኗልና።

ወይዘሮ ላፕላንት አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴትዮ ናቸው። ወደ በረዶው ገቡና በርከክ ብለው ጣታቸውን ነክረው አነሡት። ጣታቸው ይንጠባጠባል።

«ይሄ ውሃ ነው» አሉ ለሊቀመንበሩ።

ኦስትባይ ጣታቸውን በጥሞና ተመለከተ። «በመሠረቱ በረዶም ውሃ ነው፣ ወይዘሮ ላፕላንት።»

ቀጥሎም ወለሉ በሽግግር ላይ እንደሚገኝ፣ ሽግግር በየትኛውም የዕድገት ደረጃ የሚያጋጥም ጊዜያዊ ሁኔታ እንደሆነ አስረዳቸው። ወይዘሮ ላፕላንት ጫማቸውን እያዩ አዳመጡት። ጫማቸው እየሰመጠ ነበር።

ማርሊስ ጠባቧ ክፍል ስትገባ ካልሲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል። ሊላንድ ቀድሟት ገብቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የተራገፉትን ስሞች አሁን አንድ በአንድ ያነብባቸው ነበር። ከመሀላቸው የሞተሩን ስም አግኝቶታል። ጫኝና አውራጁን እንዲመልሰው አዘዘው። ጫኝና አውራጁም በታላቅ ትሕትና ኢንተርኔት የለም አለው። ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ፕሮግራም አብሮ ተራግፏል። እሱን ለመመለስ ደግሞ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። የመኪናውን ቁልፍ መኪናው ውስጥ ቆልፎበት የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። በስልኩ ሊሞክር አሰበ፤ ስልክን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቀውም ሄዷል። ያልተራገፈው አጋዘኑ ብቻ ነው።

ሊላንድ ተነሥቶ ሮጠ። በሰው ሁሉ ፊት የመስታወቱን ቁም ሣጥን ከፍቶ ማብሪያዋን አወጣት። ነሐስ እስክትመስል ተወልውላለች። ከኋላዋ የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ይዟት ቆመ።

ማርሊስ ተከትላው ወጥታለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ማብሪያዋን፣ ቀጥሎ በረዶውን፣ ቀጥሎ የተጠቀለለውን ጉልበቷን አየች፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በዚያች ቅጽበት ሊላንድ የቀድሞ ሙያው መጣበት። ሳያስበው ጉዳቱን ይገምት ጀመር። የደረሰው ጉዳት፣ ከባድ። ሊደርስ የቻለበት ምክንያት፣ የንብረቱ ጠባቂ ሳይቸግረው መነካካቱ። ዐውሎ ነፋስ ነበረ ወይ፣ አልነበረም። ሌባ ገብቷል ወይ፣ አልገባም። ካሣ የማይከፈልበት። እንዲህ ያለውን ሰው በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ ከእርሻው አጥር ላይ ተደግፎ አይቶታል፤ ስንት ጊዜ ወደ መኪናው ሲመለስ በልቡ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው» ብሏል። አሁን ሞኙን ከውስጥ በኩል አየው። ከውስጥ ሲታይ ሞኝ አይመስልም ነበር፤ ነገሩ ያስገረመው ይህ ነው።

ወይዘሮ ላፕላንት ቡድናቸው ረግረግ ላይ እንደማይጫወት በጨዋ ቋንቋ አስታወቁና መጥረጊያቸውን ሰበሰቡ። አውቶቡሳቸው ከኋላ ስለቆመ በረዶ ማስተካከያው መኪና በሚገባበት በትልቁ በር ወጡ። በቁጣ የወጣ ሰው በር አይዘጋም። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ፣ ያን ቀን ምራቅን መሬት ሳይደርስ በረዶ የሚያደርገው ነፋስ፣ ባገኘው በር ተንደርድሮ ገባ። ተመልካቹ በኮቱ ተጠቀለለ። ሊቀመንበር ኦስትባይ ሙቀት እየባከነ ስለሆነ በሩ ባስቸኳይ እንዲዘጋ መመሪያ ሰጠ።

ሊላንድ ከበሩ አጠገብ ነበር። ወደ መሬት አቀርቅሮ ስለቆመ ብቻ ነው ያየው። ከበሩ ሥር ያለው ውሃ ቆዳ አወጣ። ልክ ወተት ሲቀዘቅዝ እንደሚያወጣው ስስ ቆዳ።

«በሩን ተዉት» አለ።

ማንም አልሰማውም። አንድ ሰውዬ በሩን መግፋት ጀምሯል። ሊላንድ ደገመው፤ ሰውየው መግፋቱን ቀጠለ።

«ተዉት ብሏል!» አለች ማርሊስ ከተቀመጠችበት፣ በበረዶ ላይ በምትጮኽበት ድምፅ።

ሰውየው እጁን ከበሩ ላይ አነሣ። ማርሊስ ሊላንድን አየችው፣ ቀጥሎ መሬቱን አየች፤ ገባት። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙን እሷ ሰጠች። የጎን በሮች ተከፈቱ፣ የማእድ ቤቱ መስኮት ሳይቀር ተከፈተ፣ ማሞቂያው ጠፋ። ከሁሉ በፊት በረዶው ላይ የተኛው ውሃ በጎማ መጥረጊያ ተጠረገ። ብርድ ልብስ ያለው ብርድ ልብሱን ለበሰ፤ የሌለው ሆትዲሹን ሳህኑ ላይ እንዳለ አቅፎት ቆመ። ክረምቷ ግማሽ ዓመት በሚቆይ አገር፣ ብርድ ለማምረት በኤሌክትሪክ ስንደክም የኖርን ሰዎች፣ በር ከፍተን ብርድ ሲገባ አየን። በጣም ተደነቅን።

ከውጭ የእንግዶቹ አውቶቡስ ሞተር አልነሣ ብሎ ያስል ነበር። ወይዘሮ ላፕላንት ከአውቶቡሱ ይልቅ አዳራሹ ይሻላል ብለው ሲመለሱ አዳራሹ ከአውቶቡሱ ብሷል። በረዶውን በእግራቸው መቱት፤ ጠንክሯል። አንድ ድንጋይ ገፋ አደረጉ፤ ድንጋዩ እያፏጨ ሄደ። ከዚያ ቡድናቸውን ጠሩ።

ጨዋታው ቀጠለ። ነፋስ ያቀዘቀዘው በረዶ ሞተር እንዳቀዘቀዘው ለጥ ያለ አይደለም፤ እዚህ ይፈጥናል፣ እዚያ ይይዛል። የማዶዎቹ ሴቶች ከተወለዱ በአዳራሽ በረዶ ላይ ነው የተጫወቱት። ማርሊስ ግን ከርሊንግ የለመደችው ከአባቷ ጋር ሐይቁ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን በረዶ ገና ስታየው ታውቀዋለች። ለመጨረሻው ድንጋይ በርከክ ስትል ጉልበቷ የተንቋቋበት ድምፅ እስከ እኛ ተሰማ። ድንጋዩን ለቀቀችው። ጠራጊዎቿን አንዴም ጥረጉ አላለቻቸውም። ድንጋዩ ተጠማዝዞ፣ ተንፏቆ፣ ከክቡ መሀል ገብቶ ተኛ። ማርሊስ ካለችበት አልተነሣችም፤ መነሣት አቅቷት ነው። ሊላንድ ሄዶ ደግፎ አነሣት። ምን እንዳለችው አልሰማንም፤ ሊላንድ ግን ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ።

በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ሊቀመንበር ኦስትባይ ኮፍያውን እንዳጠለቀ ተነሣ። ክበባችን በማዘመን ጉዳዮች ኃላፊው ብልህ አመራር ከኋላ ቀሩ የሞተር ማቀዝቀዣ ወደ ተፈጥሯዊ፣ ድምፅ አልባና ዘላቂ ማቀዝቀዣ መሸጋገሩን አበሰረ። የከሰዓቱ እርጥበትም በዕቅድ የተያዘ የሽግግሩ ምዕራፍ እንደነበር አያይዞ ገለጸ። በጓንት አጨበጨብን፤ ድምፁ የሩቅ ፈረስ ኮቴ ይመስል ነበር።

ሊላንድ ሊናገር ተነሣ። ሰው ፊት ውሸት መሸከም አልቻለም። ሞተሩን ያጠፋው እሱ መሆኑን፣ አንድ አጋዘን ለመጫን ሲል ያላነበበውን ነገር መፍቀዱን፣ በረዶውን ያዳነው ነፋሱና የተቆጡት እንግዶች መሆናቸውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። 

«ሰማችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ። «ትሕትና ማለት ይሄ ነው።»

ከመቀመጫችን ተነሥተን አጨበጨብንለት። ማርሊስ ብቻ ዋንጫው ላይ ተደፍታ ትስቅ ነበር፤ እስኪያስነባት።

ሰው ሲበተን ወይዘሮ ላፕላንት ሊላንድን ከዋንጫው ቁም ሣጥን ጎን አገኙትና እጅጌውን ያዙት። በአካባቢው እንዲህ ያለ በረዶ አይተው እንደማያውቁ፣ መሸነፍ እንደማይወዱ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ መሸነፍን ደግሞ ጨርሶ እንደማይችሉ ነገሩት። የተጠቀመበት ነገር ለእሳቸውም ክበብ እንዲጫንላቸው ይፈልጋሉ።

ሊላንድ እውነቱን ለሁለተኛ ጊዜ ለመናገር ተዘጋጀ። «ወይዘሮ ላፕላንት፣ የተጫነ ነገር የለም። ክፍት በር ነው።»

«ክፍት በር» ብለው ደገሙት፤ ስሙ እንዳይጠፋቸው። «ቨርዥኑ የትኛው ነው?»

ሊላንድ ዞር ብሎ ማርሊስን አያት። ዋንጫዋን ታቅፋ ቅንድቧን ሰቅላ ትጠብቃለች። የተናገረው እውነት ሁሉ ከአፉ ወጥቶ የትም ሳይደርስ ሲቀር አይቷል። ደግሞም እኚህ አስፈሪ ሴትዮ እጅጌውን ይዘው፣ ከአፉ የሚወጣውን ቃል እየጠበቁት ነበር። አገጩን ቀና አደረገ።

«አዲሱ» አላቸው። «አሮጌውን እንዳይጭኑ።»